ሳይሞት የተለቀሰለት

ከወይዘሮ አሰለፈች ቤት በቅሎ ሲመጣ፣ አንድ ሰው ገና አልሞተም ማለት ነው።

ይህን በደብረ ታቦር የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አስለቃሿ ማሬና ልጇ ትርንጎ። የቀረው ሕዝብ የሚያውቀው ሌላ ነው። ሟቹ በተገኘ ማግስት ከገሳይ መንደር በላይ ካለው የወይዘሮዋ ትልቅ ግቢ እህልና ሙክት ይላካል። የቤቱ ወንዶች ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው ከዘመድ ቀድመው ለቅሶ ይደርሳሉ። ወይዘሮዋ የላከቻት አስለቃሽም የሟቹን ጠባይና ሙያ፣ የበሬዎቹን ስም ሳይቀር እየጠራች ለቀስተኛውን ታንሰቀስቀዋለች። ገዳዩን የሚጠረጥር አይጠፋም። ግን ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰውን ሰው ማን ደፍሮ ገዳይ ይለዋል?

ያ ቤት የሚኖረው ከመንገዱ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ ገሳይ ላይ ጭነቱን ፈትቶ ድርሻቸውን ያስቀምጣል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ለአርበኛው ጥይት ይሸጣሉ፤ ለጣሊያኑ ጥይቱ የሄደበትን መንገድ። እምቢ ያለ ወይም አፉን የከፈተ ሰው አይከርምም። ባለፈው ዓመት አንድ ማር ነጋዴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዣንጥላውን እንደዘረጋ ተገኘ። ዝናብ ስለነበር ሦስት መንገደኞች እጅ ነሥተውት አልፈዋል። አንገቱን ያየው አራተኛው ነው። የዚያን ሰው ሙሾ የገጠመችው ትርንጎ ነበረች፤ ሰውየው ከመገኘቱ ከአራት ቀን በፊት።

ልማዱ እንዲህ ነው። ሐዘንተኛው ስለ ሟቹ ይነግራል፣ አስለቃሿ ትገጥማለች። በዚያ ቤት ግን ነጋሪው የቤቱ የበኩር ልጅ ካሳሁን ነው፤ ሟቹም ገና ከልጆቹ ጋር እራቱን ይበላል። ሙሾው ሲያልቅ ለወይዘሮ አሰለፈች ይሰማል። ወይዘሮዋ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ ካለቀሰች ሙሾው በቅቷል። አንዴ ያለቀሰችለት ሰው ደግሞ ለእሷ ሞቷል። ይህን ሕግ ያወጣው ሟቹ ባሏ ነው ይባላል። አንድ ጊዜ ነገሩ የሸተተው ገበሬ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ቢወድቅ፣ “ተነሥ ልጄ፤ እኔ እኮ አልቅሼልሃለሁ” ብላ ግንባሩን ስማ ሸኘችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ የኖረው ዘጠኝ ቀን ነው።

ማሬ እምቢ ያለችው አንድ ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ ከዚያ ቤት የተላከ ጠላ ጠጣች፤ ድምጿ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሦስት ዓመት ሆነው። ሥራውን ትርንጎ ወረሰችው።

በ1931 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ሲገባ፣ ጉም ከጉና ወርዶ እኩለ ቀኑን ጎሕ ባስመሰለበት ሰዓት፣ ያቺ ዳማ በቅሎ በእነ ትርንጎ ደጅ ቆመች። የያዛት ሽማግሌ አሽከር አልተጣራም። ማንም አይጣራም። በቅሎዋ ጆሮዋን እያወዛወዘች ትቆማለች፣ ያዩዋት ሴቶች ይወጣሉ።

ማሬ የልጇን ነጠላ እያስተካከለች በሹክሹክታ፣ ስም እንዳትጠይቅ አሳሰበቻት። ስሙን የሚሰጡት መጨረሻ ላይ፣ አስከሬኑ ሲገኝ ነው።

“አውቃለሁ እማ” አለች ትርንጎ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላ ልጃገረድ በዚህ ዕድሜዋ የሠርግ ዘፈን ታውቃለች።

---

እልፍኙ ውስጥ በአንዱ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የእንጨት መስቀያዎች ተተክለዋል። በለቅሶ ላይ የሟች ልብስና ዕቃ ለለቀስተኛ ማሳየት የአገሩ ወግ ነው፤ ይህ ቤት ግን ካሳየ በኋላ ከእያንዳንዱ አንዳንድ ነገር ለራሱ ያስቀራል። እዚያ የማር ነጋዴው ዣንጥላ ተሰቅሏል። እዚያ አንድ የበርኖስ ቁራጭ፣ አንድ የሴት ቀበቶ፣ ዳር ላይ የሲራራ ነጋዴው የጌጡ አለንጋ። ትርንጎ ወደዚያ ግድግዳ ላለማየት ሁልጊዜ ካሳሁንን ታያለች። እሱም ለማየት አይመችም።

ካሳሁን አርባ የሞላው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። በዚያን ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በካራ እንጨት ይጠርብ ነበር። ስትገባ ቀና ብሎ ስለ እናቷ ጤና ጠየቃት፤ መልሷን ሳይሰማ ስለ ሟቹ ይነግራት ጀመር። ሰውየው አጭር ነው። ጠይም። አገሩ ጋይንት፣ ሥራው ከብት ንግድ።

ትርንጎ ጠበቀች። ከዚህ የሚወጣ ሙሾ አልነበረም።

“ጌታዬ፣ አጭርና ጠይም ሰው እማ ሞልቷል። የእሱ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ይንገሩኝ። አለዚያ እሜቴም አያለቅሱበትም።”

ካሳሁን ካራውን አቆመ። አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለ፤ ፊቱ ላይ ለቅጽበት የልጅ ፈገግታ መጣበት።

“ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይከድናል” አለ። “ከልጅነቱ ጀምሮ።”

ከዚያ እንጨቱን አፉ አጠገብ አድርጎ ፍርፋሪውን እፍ አለው። የጠረበው መስቀያ ነበር። አዲስ፣ ነጭ፣ ገና ወይራ ወይራ የሚሸት።

ትርንጎ እጅ ነሥታ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ቅዳሜ ተመልሳ ለወይዘሮዋ እንድታሰማ ነግሯታል፤ ያንን ሰምታለች። ግቢው ውስጥ ጉሙ ከጣራው ክዳን በታች ወርዶ ነበር። በጉሙ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል፤ መካከል ያለው ባዶ እጁን ነው። ረጅም ነው፣ ቀይ ነው፤ ጋይንትን የሚያውቃት በመንገደኛ ወሬ ነው። የቤቱ ታናሽ ልጅ ፈንታሁን ነበር። አለፋት። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

---

ፈንታሁን የሚስቀው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲስቅ ደግሞ እጁ ቀድሞ ወደ አፉ ይሄዳል። በሰባት ዓመቱ በቅሎ ረግጣው የፊት ጥርሱ ለሁለት ተሰብሯል። ይህን ትርንጎ የሰማችው ከራሱ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በአንድ ለቅሶ ላይ። ድምጿ ሲዘጋባት አንድ ዋንጫ የማር ውኃ ይዞላት መጣ፤ “እንኳን ሐዘንተኛው አስለቃሿም ትሞትብናለች” አላት። ሁለቱም መሳቅ በማይገባቸው ቦታ ላይ ሳቁ፤ እሷ በነጠላዋ፣ እሱ በመዳፉ። ከዚያ ወዲያ ሰው በሞተ ቁጥር ይተያያሉ። ሌላ መገናኛ አልነበራቸውም። የዚያ ቤት ልጅ የአስለቃሽ ልጅ ደጅ አይረግጥም፤ አስለቃሽና አዝማሪ ይሰማሉ እንጂ አይጋቡም።

እሱ በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል። አንድ ቀን እሷ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ቅጽር፣ የአንድ ሟች ቤተ ሰብ የሰጧትን ዳዊት ከፍታ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አያትና፣ “ታነቢያለሽ?” አላት። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ደስታ ከዚያ በፊት ማንም ለእሷ ያላሳየው ነው። ምን ይመስልሃል ብላ ፈገግ አለች። መዝሙሩን በቃሏ ነበር የምታውቀው። ፊደል አንድም አትለይም።

በሰኔ ወር፣ ለጌጡ በተለቀሰበት ቀን፣ ፈንታሁን አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት መዳፏ ውስጥ ጨመረላት። ደብዳቤ ነበር። ጌጡን ርብ ወንዝ ወሰደው ተብሎ፣ አስከሬን ሳይገኝ፣ ለአለንጋው ብቻ ነበር የተለቀሰው። ትርንጎ ወረቀቱን ከክታቧ ጋር በቆዳ ሰፍታ አንገቷ ላይ አሠረችው። የሚያነብላት ፈልጋ አጣች። በዚያ አገር ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የዚያን ቤት እንጀራ ቀምሷል።

በሐምሌ ወር ደግሞ ፈንታሁን ተለወጠ። በገበያ ሲያያት መንገድ ይቀይራል፣ በለቅሶ ላይ ከጀርባዋ ይቆማል። ያን ጊዜ ደብዳቤው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የገባት መሰላት። የመለያያ ቃል ነው። የመለያያ ቃል ደግሞ ማን በሌላ ሰው አፍ መስማት ይወዳል? አንገቷ ላይ ተወችው።

ያን ዕለት ከካሳሁን ዘንድ ተመልሳ የሰማችውን ለእናቷ ነገረቻት። ማሬ ልጇን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከዚያም ከገበያ ያመጣችውን ወሬ በዚያ በሞተ ድምጿ አወራቻት። ሸማ ነጋዴው ሸሪፍ ጉልበቱን ሊታጠብ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ነበር። በፍል ውኃው እንፋሎት መካከል አንድ ሰው እስከ አንገቱ ተነክሮ ተቀምጧል። ሸሪፍ ፊቱን ለየው። ጌጡ ነው። ሰላምታ ሲሰጠው ሰውየው ቀስ ብሎ ውኃው ውስጥ ሰጠመና እንፋሎቱ ዘጋው። ሸሪፍ ዕቃውን ጥሎ ሸሸ፤ በቅዳሜ ገበያ ላይም የጌጡን መንፈስ አየሁ እያለ አወራ። የሰማው ሁሉ አማተበ። ካሳሁን ብቻ አላማተበም። መንፈስ ገላውን እንደማይታጠብ ያውቃል፤ ጌጡን እንዲገድል ታናሽ ወንድሙን ልኮ እንደነበረም ያውቃል።

“አልገደለውማ” አለች ትርንጎ። እንባዋ መጣ። “እማ፣ አልገደለውም።”

ማሬ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ያን ጊዜ ነው ማንን እንደምትወድ ያወቀችው። በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት።

---

ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ሁለት ሙሾ በልቧ ይዛ ሄደች። አንዱ ለአጭሩ፣ ለጠይሙ፣ ለጋይንቱ ሰው ነው። እሱን ብታሰማ ወይዘሮዋ ለማታውቀው ሰው አልቅሳ ታበቃለች፤ ባለቀሰችም ጊዜ በማን ላይ እንዳለቀሰች የምታውቀው አስከሬኑ ደጇ ሲደርስ ነው። ካሳሁን የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ በገዛ እናቱ እንባ ወንድሙን መቅበር። ሁለተኛው ሙሾ የፈንታሁን ነው። እሱን ማሰማት ከዚያ ቤት በእግር አለመውጣት ሊሆን ይችላል።

መጋረጃው ከወትሮው የተለየ አልነበረም፤ ጥቁር ቀይ፣ ከታች ጠርዙ የነተበ። ከሥሩ የወይዘሮዋ ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ ትናንሽ፣ ንጹሕ፣ እንደ ልጃገረድ እግር። ካሳሁን በሩ አጠገብ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ነጩ መስቀያ ተተክሏል። አንድ ጋቢ ተሰቅሎበታል፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ያ የፈንታሁን ጋቢ አንድ ቀን በዝናብ በትርንጎ ትከሻ ላይ አርፎ ያውቃል።

ትርንጎ ነጠላዋን አደገደገች። ድምጿን ከደረቷ ሥር አወጣችው።

“ሲስቅ በመዳፉ አፉን የሚከድነው፣
እኛ ጥርሱን ስንል የደበቀው ልቡን ነው።”

ካሳሁን ቀና አለ። ትርንጎ አላየችውም። ስለ በቅሎዋ እርግጫ ገጠመች፣ ስለ ዳዊቱ፣ ሰው ግደል ሲለው ሰው ማዳን ስለመረጠው እጁ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስትሸሸው ያደረችው ስንኝ መጣ።

“እናቱ በስለት ከታቦት ያገኘችው፣
ለማን አደራ ብላ ለማን ነው የሰጠችው?”

አበቃች። ከመጋረጃው ጀርባ ልቅሶ አልተሰማም። ከጣራው ክዳን የሚወርደው ጠፈጠፍ ይሰማል። እነዚያ ትናንሽ እግሮች አልተንቀሳቀሱም።

ካሳሁን ሙሾው አልበቃም፣ ይቅር ብሎ ወደ ትርንጎ መራመድ ጀመረ። ደርሶ ክንዷን ያዛት።

“ድገሚው” አለች ወይዘሮዋ።

ክንዷ በካሳሁን እጅ እንደተያዘ ደገመችው። እጁ መጀመሪያ ጨመቃት፤ ወደ መጨረሻው ላላ።

“ስሙን ጥሪው” አለች ወይዘሮዋ። “ሙሾ በስም ነው የሚዘጋው። ጥሪው።”

ትርንጎ ሦስት ጊዜ ጠራችው። ፈንታሁን። ፈንታሁን። ፈንታሁን። በሦስተኛው መጋረጃው ውስጥ ወይዘሮ አሰለፈች አለቀሰች። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ሌላ ጊዜ የምታለቅሰው ደንብ እንዳላት ሴት፣ በልክ ነው። አሁን ግን ለትርንጎ ከአንድ ሰው ደረት የብዙ ሰው ድምፅ የሚወጣ መሰላት። ግድግዳው ላይ ዕቃቸው የተሰቀለላቸው ሁሉ፣ የእነሱም እናቶች።

ልቅሶው ሲቆም እናትና ልጅ ተነጋገሩ። ማንም አልጮኸም። ካሳሁን፣ ጌጡ በሕይወት እንዳለ፣ አንድ ሙሾ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ አገሩ ሁሉ የቀሩትንም እንደሚቆጥር፣ ወንድሙ ቤቱን እንደሸጠው ተናገረ። ይሄዳል እንጂ አይሞትም ካሉኝም እሜቴ፣ አባታችን የተከለውን ሕግ ነው የሚነቅሉት አለ።

“ማን አይሞትም አለህ?” አለች ወይዘሮዋ። “አለቀስሁለት አይደል። ይሞታል። ግን አንተ በመረጥኸው ሞት አይሆንም፤ እኔ በመረጥሁለት ነው።”

በዚያው ቀን ወደ ጣራ ገዳም መልእክተኛ ሄደ። ለምንኩስና ብዙ ዓመት መፈተን አለ፤ ለሞት የቀረበ ሰው ግን ይቅርለታል። ወይዘሮዋ ልጄ የሚሞት ሰው ነው ብላ ላከች። አልዋሸችም። መነኩሴ ሲሆኑ በቁም ይገነዛሉ፣ ፍትሐት ይደረሳል፣ ስምም ይለወጣል። በዓለም ዘንድ እንደ ተቀበረ ነው። ከገዳሙ ደጅ ከወጣ ግን፣ ካሳሁን የጀመረውን ይጨርስ።

ትርንጎ ልትወጣ ስትል ወይዘሮዋ ጠራቻት። ከመጋረጃው ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የተሸበሸበ እጅ ወጥቶ እጇን ያዘ። ቀዝቃዛ እጅ ነበር።

“ልጄ ይወድሽ ነበር?”

ወይዘሮዋ ስለ ልጇ “ነበር” አለች። ከአሁኑ።

“አላውቅም እሜቴ” አለች ትርንጎ። “በሐምሌ ተወኝ።”

“ታለቅሽለታለሽ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት ሌላ ሙሾ አይገጠምም። ድምፅሽን ለልጄ ከሰጠሽ በኋላ ለማን ልሰጠው ነው?” እጇን ለቀቀቻት። “እናትሽን ይቅር በይኝ በያት። ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ።”

---

ከገዳሙ ደጅ ውጭ ያለው ጫካ በምንኩስናው ዕለት ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ጥዶቹ ከጉሙ ውስጥ እስከ ግማሻቸው ብቻ ይታያሉ። መነኮሳቱ ለፍትሐቱ ከመግባታቸው በፊት ዘመድ ሟቹን ይሰናበት ብለው ራቅ አሉ። ካሳሁን ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ከነጠመንጃው ከአንድ ጥድ ተደግፎ ቆመ። ወይዘሮዋ አልመጣችም። እናት የልጇን መቃብር አታይም አለች ተባለ።

ፈንታሁን ግንድ ላይ ተቀምጧል። ከአንገቱ እስከ እግሩ በነጭ አቡጀዲ ተገንዟል፤ እጆቹ ውስጥ ናቸው። ፊቱ ብቻ ይታያል። ትርንጎ በሕይወቷ ብዙ የተገነዘ ሰው አይታለች፤ እንደዚህ ዓይኑን ከፍቶ የሚያያት ግን የለም። ለመቅረብ ፈራች። ከዚያ ቀረበች።

ጊዜው አጭር ነበር፤ ከደጁ ውስጥ መቋሚያ መሬት ሲመታ ይሰማል።

“የሥላሴ ዕለት ጠበቅሁሽ” አለ ፈንታሁን። ድምፁ ወቀሳ አልነበረበትም። “ቀኑን ሙሉ። ርብ ሞልቶ ነበር። ማታ ስመለስ፣ መልሷን ሰጠችህ፣ አታስቸግራት አልሁ ለራሴ።”

“የት ጠበቅኸኝ?”

“እንዴት የት? ደብዳቤው ላይ...”

ትርንጎ እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ክታቡን አውጥታ ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው። ወረቀቱ በላቧ ወይቦ፣ ሲዘረጋ እጥፋቱ ላይ ተቀደደ። ከፊቱ ያዘችለት።

“አንብብልኝ” አለችው።

ወረቀቱን በጨረፍታ አይቶ ተወው። እሷን ነው ያየው።

“ገልብጠሽ ይዘሽዋል፣ ትርንጎ።”

ገለበጠችው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባ አየችው።

“አንች ማንበብ አታውቂም።”

“አላውቅም። ታነቢያለሽ ስትለኝ በጣም ደስ አለህ። ያንን ደስታህን ማፍረስ አልቻልሁም።”

ፈንታሁን ሳቀ። ሳቁ በድንገት ነው የመጣው፤ እጁ እንደ ልማዱ ወደ አፉ ሊሮጥ በግንዙ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ጨርቁ ግን ይዞታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን የተሰበረ ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ትንሽ ነገር ነበር። ለዚህ ነው እንዴ ስትል አሰበች፤ ለዚህች ነው ዕድሜውን ሙሉ የተሸሸገው። ከዚያ ሳቁ በዚያው ፊት ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ እንባውን የምትጠርግለት እሷ ሆነች።

አነበበላት። ድምፁ እንደ ተማሪ ቀጥ ያለ ነበር።

“ትርንጎ ሆይ። ጌጡን አልገደልሁትም፣ ወንዛዬ ነው። ከዚህ ቤት ልወጣ ነው። የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ጠዋት ርብ መሻገሪያው ላይ፣ ሾላው ሥር እጠብቅሻለሁ። ሁለት በቅሎ ይዤአለሁ። የምሄድበትን አላውቅም፤ አንች ካለሽ ማወቅ አያስፈልገኝም። ካልመጣሽ ግን አይከፋኝም፤ የዚህ ቤት ልጅ ነኝና ብትፈሪኝ እውነትሽ ነው። እዚሁ እቀራለሁ፤ ያለ አንች ለየትኛው አገር ብዬ እሸሻለሁ?”

ትርንጎ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። የሥላሴ ዕለት ቤቷ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትል ነበር። ዝናቡን እየሰማች፣ ለምን ተወኝ እያለች። ሁለቱ በቅሎዎች ሾላው ሥር በዝናብ ሲበሰብሱ ውለዋል። እጇ ላይ የያዘችው እነዚያን በቅሎዎች ነበር፤ መንገዱን፣ ቤቱን፣ ምናልባት ልጆቹን፤ ሁለት ወር ሙሉ በአንገቷ ላይ ተሸክማቸው ስትዞር ነበር።

“እኔ ገደልሁህ” አለች።

“እኔ እኮ አልሞትሁም” አለ። “ያለኝ ነገር ሁሉ ሲወሰድብኝ፣ አንች እንዳልከዳሽኝ ዛሬ አወቅሁ። ይህን ይዤ እገባለሁ። ባዶ እጄን አይደለም።” ከዚያ በለሆሳስ ቀጠለ። “ጌጡ ተከዜን ተሻግሯል፣ አያገኙትም። ለሚስቱ ንገሪያት። ማቋን ታውልቅ።”

መቋሚያው ቀረበ። መነኮሳቱ መጡና አንሥተው ሰሌን ላይ አጋደሙት። ዓይኑን ጨፈነ። ፍትሐቱ ተጀመረ፤ ግእዙ በጉሙ ውስጥ ከየትኛው አፍ እንደሚወጣ ሳይታወቅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄድ ነበር። ሲያበቃ ካሳሁን ከጥዱ ሥር ራሱን ነቀነቀላት። የቤቱ ሕግ ነው፤ የተገጠመ ሙሾ መለቀስ አለበት።

ትርንጎ አደግድጋ ቆመች። ለማር ነጋዴው አልቅሳለች፣ ለጌጡ አልቅሳለች፣ ለማታውቃቸው ሁሉ አልቅሳለች፤ እውነተኛው ልቅሶዋ ግን የት እንደሚኖር እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ሲወጣ እናቷ ያጣችውን ድምፅ የሰማች መሰላት።

“አፈር ያልነካውን መቃብር አየሁኝ፣
ሟቹ እየሰማ ቆሜ አለቀስሁኝ።”

ከጨፈነው ዓይኑ ጥግ አንዲት ዘለላ እንባ ወርዳ ጆሮው ሥር ገባች። መነኮሳቱ አላዩም፤ ወይም አይተው አለፉት። ካሳሁን ፊቱን ወደ ጥዱ አዙሮ ነበር። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወንድሙን ሊገድል የነበረው ሰው፣ ሳያስበው፣ በልክ ሳይሆን እያለቀሰ ነበር።

ግንዙን ፈቱለት። በወገቡ የመነኩሴ የቆዳ ቅናት አስታጠቁት፣ ቆብ ደፉለት፣ ከእንግዲህ የሚጠራበትን ስም በጆሮው ነገሩት። ትርንጎ ስሙን አልሰማችም፤ እንድትሰማውም አልተፈለገም። ተነሥቶ በመነኮሳቱ መካከል ወደ ደጁ ተራመደ። ዞር ብሎ እንደማያይ ታውቃለች። የሞተ ሰው ዞር አይልም።

ደጁ ላይ ሲደርስ ጉሙ ሊውጠው ጥቂት ቀረው። ጀርባው ብቻ ነው የሚታያት። ያን ጊዜ ነፃ የወጣው ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ አፉ ሄደ።

ትርንጎ ባዶውን ደጅ እያየች እዚያው ቆመች፤ የእሷም እጅ ሳይታወቃት ወደ አፏ ወጥቶ ነበር፤ ከመዳፏም በታች፣ ከእንባዋ ጋር፣ ፈገግታዋ ይሞቃት ነበር።